የግብርና ኮሚሽነር ምንድን ነው? ስሙ የቤንዚን መቅጃ ላይ የተለጠፈው ሰውዬ

አትላንታ በገባሁ ሰሞን የማታ ፈረቃ የምሠራው ጋዝ ስቴሽን ውስጥ ነበር። ደንበኛ ሲጠፋ እወጣና የመቅጃዎቹን ፊት እወለውላለሁ። በእያንዳንዱ መቅጃ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ነበረች፤ ስሙም ሁሌ አንድ ነው፦ ቶሚ ኧርቪን። የማደያው ባለቤት መስሎኝ ነበር። መንገድ ተሻግሬ ሌላ ማደያ ስገባ ያው ስም ጠበቀኝ። «ይሄ ሰውዬ ስንት ማደያ ነው ያለው?» ብዬ አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ ስጠይቀው እስኪበቃው ሳቀብኝ። ሰውዬው የጆርጂያ የግብርና ኮሚሽነር ነበሩ።

ግብርናና ቤንዚን ምን አገናኛቸው? ኮሚሽነሩ የሚመራው የጆርጂያ ግብርና መሥሪያ ቤት በ1874 ሲቋቋም (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ነው) በአሜሪካ ግዛቶች ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። ከቀደሙት ሥራዎቹ አንዱ ገበሬው ማዳበሪያ ነው ተብሎ አሸዋ እንዳይሸጥለት መቆጣጠር ነው። እያደር ሚዛኑም፣ ምግቡም፣ ነዳጁም በዚሁ ቤት ሥር ገባ። ዛሬ በጆርጂያ ተሰፍሮና ተመዝኖ የሚሸጥ ነገር ሁሉ ጌታው የግብርና ኮሚሽነሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቁጥጥሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ኢንስፔክተሩ ሳይነግር ይመጣል። ከመኪናው አንገተ ቀጭን የብረት ጀሪካን ያወርዳል፤ በትክክል 5 ጋሎን የሚይዝ ነው። ከመቅጃው 5 ጋሎን ይቀዳና አንገቱ ላይ ካለው መስታወት የነዳጁን ከፍታ ያነባል። የሚፈቀደው ስህተት 6 ኪዩቢክ ኢንች ነው፤ ከአንድ የቡና ሲኒ ብዙም አይበልጥም። ልክ ከሆነ ቤንዚኑን መልሶ ወደ ጉድጓዱ ታንክ ይገለብጠዋል። ልክ ካልሆነ መቅጃው እስኪጠገን ይታሸጋል። ያቺ የኮሚሽነሩ ስም ያለባት ወረቀት «ተሰፍሯል፣ አልተሰረቅክም» ማለት ነች።

አትላንታ ጥግ ባለችው ክላርክስተን አካባቢ ሐበሻ ግሮሰሪ ለከፈተ ሰው ደግሞ ነገሩ የመቅጃ ብቻ አይደለም። ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው የምግብ መሸጫ ላይሰንስ የሚወጣው ከዚሁ መሥሪያ ቤት ነው። ሬስቶራንት ከሆነ ግን የሚመጣበት የካውንቲው ጤና ቢሮ ነው። ሁለቱን አምታቶ የተሳሳተ ቢሮ ሲመላለስ ስንት ቀን ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ዋሽንግተን ያለው የግብርና ሚኒስትር ሌላ፣ ይሄ ሌላ ነው። ሚኒስትሩን ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል፤ የገበሬው ድጎማና ፉድ ስታምፕ (ለዝቅተኛ ገቢ ሰው የሚሰጠው የምግብ ድጋፍ) የሚመጣው ከእሱ ቤት ነው። በ2017 ሚኒስትር የሆኑት ሶኒ ፐርዱ የጆርጂያ ሰው ስለሆኑ ብዙዎች የቀድሞ ኮሚሽነር ይመስሏቸዋል። አይደሉም፤ የግዛቱ ገዥ (ገቨርነር) ነበሩ። በአብዛኞቹ ግዛቶች የግብርና ኃላፊውን የሚሾመው ገዥው ወይም ቦርድ ነው። በ12 ግዛቶች ግን፣ አብዛኞቹ ደቡብ ያሉ ናቸው፣ ሕዝብ በቀጥታ ይመርጠዋል። ታሪኩ የሚጣፍጠውም እዚህ ላይ ነው፤ ኮሚሽነሩ ለገዥው አለቃዬ አይለውም፣ ገዥውም ሊያባርረው አይችልም።

ይህችን ወንበር መወጣጫ ማድረግ እንደሚቻል አስቀድሞ ያሳየው ዩጂን ታልማጅ ነው። በ1926 ተመረጠ። መሥሪያ ቤቱ ከ1917 ጀምሮ ለገበሬው የሚልከው ማርኬት ቡሌቲን የሚባል ጋዜጣ ነበረው፦ የሚሸጥ በቅሎ፣ የዘር በቆሎ፣ ያገለገለ ማረሻ። ታልማጅ በዚያ ላይ የራሱን ፖለቲካ መጻፍ ጀመረ። በመንግሥት ወጪ፣ በየገበሬው ደጃፍ። የአሳማ ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ አሳማ ገዝቶ ቺካጎ ላከ፤ ከሰረ፤ ምክር ቤቱ መረመረው። ገበሬው ግን «ለእኛ ብሎ ነው» አለ፣ በ1932 ገዥ አድርጎ መረጠው። አራት ጊዜ ለገዥነት ተመርጧል፤ አራተኛውን በዓለ ሹመቱን ሳያይ በ1946 መጨረሻ ሞተ። የጥቁሮችን መብት የረገጠ የለየለት ዘረኛ ስለነበር ታሪኩን ስናወራ ፈገግታችንን ቆጠብ ማድረግ አለብን።

ቶሚ ኧርቪን የተገላቢጦሽ ናቸው። የሰው መሬት እያረሰ እኩል የሚካፈል ጭሰኛ ልጅ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ባለቤት፣ በኋላም የግዛቱ ምክር ቤት አባል። በ1969 መጀመሪያ ኮሚሽነሩ ለፌዴራል ሹመት ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ገዥው ሌስተር ማዶክስ በቦታው ተኳቸው። ከዚያ አሥር ጊዜ ለምርጫ ቀረቡ፣ አሥር ጊዜ አሸነፉ፤ እስከ 2011 ድረስ 42 ዓመት። ጆርጂያ ከዴሞክራት ወደ ሪፐብሊካን ስትገለበጥ እሳቸው ዴሞክራት እንደሆኑ ቀሩ። ገዥ ልሁን አላሉም። ምን ያስፈልጋቸዋል? ሕዝቡ ቤንዚን በቀዳ ቁጥር ስማቸውን ያነባል። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የትኛው ተቀናቃኝ አለው?

የሥልጣናቸው መጨረሻ ላይ ግን ወንበሩ ጉድ አወጣ። በ2008ና 2009 ብሌክሊ በምትባል የጆርጂያ ከተማ ካለ ፋብሪካ የወጣ ኦቾሎኒ ሳልሞኔላ በሚባል ባክቴሪያ ተበክሎ ከ700 በላይ ሰው አሳመመ፣ ዘጠኝ ሰው ሞተ። ፋብሪካውን የግዛቱ ኢንስፔክተሮች ሲመላለሱበት ነበር፤ ጽፈው የሚወጡት ቀላል ጉድለት ነው። ኩባንያው በራሱ ምርመራ ብክለቱን አግኝቶ እንደሸጠው ኋላ ታወቀ፤ ያኔ ግን ውጤቱን ለግዛቱ አሳውቅ የሚለው ሕግ አልነበረም። በ2009 ጆርጂያ በ24 ሰዓት ውስጥ አሳውቁ የሚል ሕግ አወጣች። የኩባንያው ኃላፊ በ2015 የ28 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እንደኔ እንደኔ የዚህ ሹመት ትክክለኛ መለኪያ ይሄ ነው፤ ሥራው ሲሠራ ማንም አያየውም፣ ሳይሠራ ሲቀር ሰው ይሞታል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ላንሳቸው። ቴክሳስ ውስጥ ሪክ ፔሪ በ1990 ነባሩን ኮሚሽነር ጂም ሃይታወርን አሸንፈው ገቡ፣ ምክትል ገዥ ሆኑ፣ ቡሽ ኋይት ሐውስ ሲገቡ ገዥነቱን ወርሰው 14 ዓመት ቆዩ። ሚሲሲፒ ላይ ሲንዲ ሃይድ ስሚዝ ከዚሁ ወንበር በ2018 ቀጥታ ሴኔት ገቡ። ኬንታኪ ላይ ሪቺ ፋርመር የሚባል የቅርጫት ኳስ ጀግና ኮሚሽነር ሆነ፤ የመንግሥት ሠራተኛና ገንዘብ ለግሉ በማዋሉ 27 ወር ታሰረ። ተተኪው ጄምስ ኮመር፣ የፋርመርን ሒሳብ ኦዲት ያስደረጉት ራሳቸው ናቸው፣ በ2015 ለገዥነት ሲወዳደሩ ፓርቲያቸው ውስጥ በ83 ድምፅ ተሸነፉ። ሰማንያ ሦስት! በማግሥቱ ዓመት ኮንግረስ ገቡ።

የወረቀቷን ነገር በጣም የገፉበት ፍሎሪዳ ውስጥ ኒኪ ፍሪድ ናቸው። በ2018 ከ7 ሺህ ባነሰ ድምፅ አሸንፈው በ2019 መቅጃው ላይ ስማቸውን ብቻ ሳይሆን ፈገግ ያለ ፎቶአቸውን ለጠፉ። ምክር ቤቱን የያዙት ሪፐብሊካኖች ተቆጡ፤ ብዙም ሳይቆይ ፎቶ እንዳይለጠፍ ደነገጉ። ፍሪድ በ2022 ለገዥነት ተወዳድረው በፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ ወደቁ።

የኧርቪን ስም ከመቅጃው ሲነሳ ጋሪ ብላክ የሚል ተተካ። በ2006 በኧርቪን ተሸንፈው የነበሩ ናቸው። በ2022 ሴኔት ብለው ሞከሩ፤ የአሜሪካን ፉትቦል ኮከቡ ኸርሽል ዎከር በቅድመ ምርጫው ጣላቸው። አሁን ታይለር ሃርፐር ይላል። ምርጫው በየአራት ዓመቱ ከገዥው ጋር ነው። ድምፅ መስጫው ላይ ባለው የግዛቱ ሹመቶች ዝርዝር ውስጥ ከገዥው፣ ከምክትሉ፣ ከሴክሬታሪ ኦፍ ስቴትና ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቀጥሎ አምስተኛው ላይ ይገኛል፤ ጣታችሁ የሚሰለችበት ቦታ ላይ ማለት ነው።