ሐረም ምንድን ነው? የኦቶማን ቤተ መንግሥት ሴቶች የዕለት ኑሮ

«ሐረም» የሚለው ቃል ባዕድ መስሎ ቢታይም ሥሩ በእኛም አፍ ላይ አለ። የዐረብኛው «ሐራም»፣ የግእዙ «ሐረመ» እና ከዚያው የወጣው የአማርኛው «እርም» የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ሲሆኑ፣ ሁሉም የተከለለን፣ እንደ ልብ የማይነካን ነገር ያመለክታሉ። መካና መዲና «ሁለቱ ሐረሞች» የሚባሉትም በዚሁ ፍቺ ነው። ስለዚህ ሐረም ከመነሻው ባዕድ ሰው ዘው የማይልበት ክልል ማለት እንጂ የሴቶች ስብስብ ማለት አልነበረም። በኦቶማን ዘመን በደህና ኑሮ በሚተዳደር ቤት ውስጥ ወንድ እንግዳ የሚቀበሉበት ክፍል «ሰላምሊክ»፣ ቤተሰቡ የሚኖርበት የውስጠኛው ክፍል ደግሞ «ሐረም» ይባል ነበር፤ የእኛን እልፍኝና ጓዳ አንድ ላይ አድርጎ እንደ ማሰብ ነው። እዚህ የምናየው ከእነዚህ ሁሉ የገዘፈውን፣ በኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የነበረውን የሱልጣኑን ሐረም ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ደጁን እንኳ ረግጠው የማያውቁ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ሐረምን በገንዳ ዳር የተጋደሙ ሥራ ፈት ቆነጃጅት ቤት አድርገው ሣሉት፤ በቅርብ ጊዜ ደግሞ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች የምቀኝነትና የመርዝ ቤት አደረጉት። ምቀኝነቱም መርዙም ፈጽሞ አልነበረም አይባልም። ነገር ግን በሐረሙ ከኖሩት ሴቶች የሚበዙት ከሱልጣኑ ጋር አልጋ ተጋርተው አያውቁም፤ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ልብስ ያጥቡ፣ ጥልፍ ይጠልፉ፣ ገበታ ያቀርቡ፣ ከበላያቸው ያሉትን ሴቶች ያገለግሉ ነበር። ሐረም ማዕረግ፣ ደመወዝ፣ ትምህርትና ጡረታ የነበረው የሥራ ቤት ነው፤ የቆመበት መሠረት ደግሞ ባርነት ነበር። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ያልያዘ ሰው ስለ ሐረም ያወቀው ግማሹን ነው።

የእስልምና ሕግ ሙስሊምን ባሪያ ማድረግን ስለሚከለክል፣ ልጃገረዶቹ ይመጡ የነበረው ከግዛቱ ወሰን ውጭ ካሉ ሕዝቦች ነው። ቀደም ባለው ዘመን ብዙዎቹ የክራይሚያ ታታሮች በዛሬይቱ ዩክሬን በኩል ሲዘምቱ የማረኳቸው፣ በኋላ ደግሞ ከካውካሰስ ተራሮች፣ በተለይ ከቸርኬስና ከጆርጂያ የተሸጡ ነበሩ። አንዲት ልጅ ወደ ውስጥ ስትገባ የእናት የአባቷ ስም በር ላይ ይቀራል፤ በምትኩ አብዛኛውን ጊዜ የፋርስኛ የሆነ፣ አበባን ወይም ብርሃንን ወይም ደስታን የሚያስታውስ ስም ይወጣላታል። ሁሬም ሱልጣን በመባል የምትታወቀው የሱለይማን ቀዳማዊ ሚስት የዚሁ ምሳሌ ናት፤ «ሁሬም» ማለት ፍልቅልቅ፣ ሣቂተኛ ማለት ነው። አገሯን፣ ቋንቋዋንና ዘመዶቿን በአንድ ጊዜ ለተነጠቀች ልጅ የወጣ ስም መሆኑን ስናስብ ነገሩ ይከብዳል።

አዲሷ ልጅ «አጀሚ»፣ ማለትም ጀማሪ ትባላለች። ቱርክኛ መናገር፣ የሶላት ሥርዓት፣ ስፌትና ጥልፍ፣ እንዲሁም በታላላቆች ፊት እንዴት እንደሚቆምና እንደሚወጣ ትማራለች፤ ድምፅ ያላት ዘፈን፣ ጣት ያላት መሣሪያ ይጨመርላታል። በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የቬኒስ ወኪል ሆኖ በኢስታንቡል የኖረው ኦታቪያኖ ቦን እንደ ጻፈው፣ ልጃገረዶቹ በረጃጅም አዳራሾች ግራና ቀኝ ተደርድረው ይተኛሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይበራል፣ በየዐሥሩ ልጃገረድ መካከል አንዲት አሮጊት ትተኛለች። ወንድ ስለ ሆነ አብዛኛውን በወሬ የሰማ ቢሆንም፣ ይህን ሥርዓት ያነበበ ሰው ትዝ የሚለው የአዳሪ ትምህርት ቤት መኝታ ክፍል ነው።

ቶፕካፒን ዳግማዊ መሕመድ ኢስታንቡልን በ1453 ከያዘ ጥቂት ዓመታት በኋላ ሲያሠራው፣ በዋናነት የመንግሥት ሥራ ቦታ እንዲሆን ነበር፤ ሴቶቹ ይኖሩ የነበረው በከተማው መካከል በነበረው በአሮጌው ቤተ መንግሥት ነው። የሱልጣኑ ቤተሰብ ወደ ቶፕካፒ መጠቃለል የጀመረው በሁሬም ጊዜ ሲሆን፣ ሐረሙ እየሰፋ የሄደው በሣልሳዊ ሙራድ ዘመን፣ ከ1574 እስከ 1595 ባሉት ዓመታት ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ከሁለት መቶ በታች የነበሩት ሴቶች ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከአራት መቶ በላይ ሆኑ። ክፍሎቹም ወደ ሦስት መቶ ደረሱ፤ በ1665 የደረሰው ቃጠሎ ብዙውን ስላወደመ ዛሬ ጎብኚ የሚያየው አብዛኛው ከዚያ በኋላ የታነጸው ነው። በሰማያዊና በቀይ ሸክላ ያጌጡት ሳሎኖች የሱልጣኑና የእናቱ ነበሩ። የተራዎቹ ሴቶች ማደሪያ ግን ጠባብ ግቢ ዙሪያ የተጠጋጋ፣ ፀሐይ በስሱ የሚገባበት፣ በክረምት ከከሰል ማንደጃ ውጭ ሙቀት የሌለው ነበር።

ወደዚህ ግቢ በሚወስደው መተላለፊያ፣ በግድግዳው ርዝመት የተዘረጋ የድንጋይ መደብ እስከ ዛሬ ይታያል። ለእኔ ከሸክላውና ከወርቁ ሁሉ ይልቅ የሐረሙን ኑሮ የሚናገረው እርሱ ነው። ምግቡ የሚበስለው ከሐረሙ ውጭ፣ በሁለተኛው ግቢ ባለው ትልቁ ወጥ ቤት ሲሆን፣ የሚያበስሉትም ወንዶች ነበሩ። በትሪ ተደርጎ ይመጣና መደቡ ላይ ይቀመጣል፤ ያመጣው ሰው ዘወር ይላል፤ ሴቶቹም መጥተው ያነሡታል። ሁለቱ ወገኖች ሳይተያዩ በየቀኑ የሚገናኙት በዚህች ድንጋይ ላይ ነበር ማለት ነው። የማገዶ እንጨት የሚያስገቡት ሎሌዎች ደግሞ ሴቶቹን አሻግረው እንዳያዩ ፊታቸውን ግራና ቀኝ የሚጋርድ ከፍ ያለ ኮሌታ ያለው ልብስ ይለብሱ፣ በጉንጫቸው ላይም የጸጉር ዘለላ ይለቁ ነበር።

ቀኑ በማለዳ ትጥበትና በሶላት ይጀምራል። የዘመኑ ልማድ በቀን ሁለት ዐቢይ ገበታ ነበር፤ አንዱ ረፋድ ላይ፣ ሁለተኛው ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት። በመካከሉ እያንዳንዷ ወደ ተመደበችበት ሥራ ትሄዳለች። ጥልፉ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አልነበረም፤ በሐር ክር የተጠለፈ መሐረብ ስጦታ ይሆናል፣ አንዳንዴም ለጠላፊዋ ገንዘብ ያመጣል። ሐማሙ ደግሞ መታጠቢያ ብቻ ሳይሆን ከፍ ባለ የእንጨት ጫማ እየተረማመዱ፣ ጸጉር እየተቋጠሩ፣ ሹክሹክታ እየተለዋወጡ ረዘም ያለ ሰዓት የሚያሳልፉበት ቦታ ነበር። የታመመች የራሱ ግቢና አስታማሚዎች ወዳሉት ወደ ሴቶች ሕሙማን ቤት ትወሰዳለች። በዓል፣ ልደትና ግርዛት ሲሆን ግቢው በዘፈን ይደምቃል። የቀሩት ቀኖች በአመዛኙ አንዱ ሌላውን የሚመስሉ ነበሩ።

ሥራው ተራ ሠራተኛን ከአለቃ የሚለይ መሰላል ነበረው። ተራዋ አገልጋይ «ጃሪዬ» ስትባል፣ ሥራ የለመደችው «ካልፋ»፣ የአንድ ክፍል ኃላፊ የሆነችው ደግሞ «ኡስታ» ትባላለች። ሱልጣኑ የሚበላውን ቀድማ የምትቀምስ አለች፤ ኩስኩስትና ማስታጠቢያ ይዛ የምታስታጥብ አለች፤ የቡናው፣ የልብሱ፣ የግምጃ ቤቱ፣ የሕሙማኑ ኃላፊ አለች። ከሁሉም ከበድ የምትለው ገንዘቡን የምትይዘው ሐዝነዳር ኡስታ ነበረች። የአገራችንን ቤተ መንግሥት የሚያውቅ ሰው ደንገጡሮችን፣ አጋፋሪዎችንና እልፍኝ አስከልካዮችን ማስታወሱ አይቀርም፤ ልዩነቱ እዚህ ሹመቱን ሁሉ የያዙት ሴቶች መሆናቸው ነው። ሁሉም «አክቼ» በሚባለው የብር ሳንቲም በቀን የሚታሰብ አበል ነበራቸው። ለጀማሪዋ በጣት የሚቆጠር ሲሆን፣ ሁሬም ሱልጣን በቀን 2,000 አክቼ፣ ከእርሷ በኋላ የመጡት የሱልጣን እናቶች ደግሞ 3,000 ይቆረጥላቸው ነበር፤ በዚያው ዘመን «የኒቼሪ» የሚባለው የሱልጣኑ ምርጥ እግረኛ ጦር አዛዥ ያገኝ የነበረው 500 ያህል ነው።

ሱልጣኑ ዐይኑን የጣለባት ሴት መሐረብ ይወረወርላታል የሚለው ተረት ገና በዚያው ዘመን አውሮፓን አዳርሶ ነበር። የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ በ1718 የዳግማዊ ሙስጠፋን መበለት ጠይቃ፣ ነገሩ ፈጠራ እንደ ሆነ ከራሷ አፍ ሰምታለች። በእርግጥ ወደ ሱልጣኑ መቅረብ በአብዛኛው በእናቱ እጅ ያልፍ ነበር። ልጅ የወለደችለት ጃሪዬ በሕግ አትሸጥም፣ አትለወጥም፤ ጌታዋ ሲሞት ነጻ ትወጣለች። ከሁሬም በፊት በነበረው ልማድ አንዲት ሴት ወንድ ልጅ ከወለደች በኋላ ወደ ሱልጣኑ አትመለስም፤ ልጇ አድጎ ክፍለ ሀገር ሲሾም አብራው ሄዳ ቤቱን ታስተዳድራለች። ሱለይማን ሁሬምን በ1534 ገደማ በሕጋዊ ጋብቻ ሲያገባት፣ ይህን ልማድ ስላፈረሰ ከተማው ሁሉ ጉድ አለ።

በሐረሙ አናት ላይ ያለችው ግን ሚስት ሳትሆን «ቫሊዴ ሱልጣን»፣ የነጋሢው እናት ናት። እናትም ሆነች ሚስት፣ በሐረሙ ከፍ ያሉት ሴቶች ከግንብ ሳይወጡ ብዙ ርቀት የሚደርስ እጅ ነበራቸው። ሁሬም በኢየሩሳሌም ለድኾች የሾርባ ቤት አቋቁማለች፤ የሣልሳዊ መሕመድ እናት ሳፊዬ ከእንግሊዟ ንግሥት ከኤልሳቤጥ ጋር ደብዳቤና ስጦታ ተለዋውጣ በ1599 ሠረገላ ተልኮላታል፤ ከገበያውና ከአምባሳደሮቹ ጋር የሚያገናኟቸው «ኪራ» የሚባሉ አይሁዳውያት ነበሩ። ከፍታው የሚያስከትለው አደጋም አብሮ ነበር። ልጆቿና የልጅ ልጇ በነገሡበት ዘመን አገሪቱን ስትመራ የኖረችው ኮሴም ሱልጣን በ1651 እዚያው ሐረም ውስጥ ታንቃ ሞተች፤ ሥልጣኑም ወደ ምራቷ ወደ ቱርሃን ዞረ።

ደጁን የሚጠብቁት ጃንደረቦች ነበሩ፤ የእኛ አገር ታሪክ ከሐረሙ ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው። የሐረሙ ጃንደረቦች ከአፍሪካ፣ ብዙዎቹም ከሐበሻ ምድርና ከሱዳን በኩል በልጅነታቸው ተፈንግለውና ተሰልበው በቀይ ባሕርና በግብፅ መንገድ የተሸጡ ነበሩ። በሣልሳዊ ሙራድ ጊዜ የአለቅነቱን ሹመት ከፍ አድርጎ ያቋቋመው ሐበሺ መሕመድ አጋ ስሙ ራሱ ከየት እንደ መጣ ይናገራል። ከ1717 እስከ 1746 አለቃ የነበረው፣ በሐበሻ ምድር የተወለደው ሐጂ በሺር አጋ ደግሞ ቪዚሮች፣ ማለትም የሱልጣኑ ሚኒስትሮች የሚፈሩት፣ የመካንና የመዲናን ወቅፍ፣ ማለትም ለሃይማኖት የተሰጠ ንብረት የሚያስተዳድር፣ በኢስታንቡል መስጊድና መጻሕፍት ቤት ያሠራ ሰው ሆነ። ዘር እንዳይተካ የተደረገ ሕፃን ስሙን በድንጋይ ላይ አስቀርቶ አለፈ።

አብዛኞቹ ሴቶች ዕድሜያቸውን በሙሉ እዚያ አልጨረሱም። ዘጠኝ ዓመት ያህል ያገለገለች ጃሪዬ የነጻነት ወረቀትና የትዳር ጓዝ ተሰጥቷት ልትወጣ ትችል ነበር፤ ብዙውን ጊዜም በቤተ መንግሥቱ ትምህርት ቤት ላደገ ሹም ትዳራለች። ከወጣችም በኋላ ጎረቤቶቿ «ሳራይሊ»፣ የቤተ መንግሥቷ ሴት እያሉ ያከብሯታል፤ አነጋገሯና የቡና አቀራረቧ በሰፈሩ ይኮረጃል። ሱልጣን ሲሞት ግን የእርሱ የነበሩት ሴቶች ጓዛቸውን ሸክፈው «የእንባ ቤት» የሚል ቅጽል ወደ ወጣለት ወደ አሮጌው ቤተ መንግሥት ይሄዱ ነበር።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሱልጣኖቹ በቦስፈረስ ዳር ወደ ተሠሩ አዳዲስ ቤተ መንግሥቶች ሲዛወሩ ሐረሙም ተከተላቸው፤ ፒያኖና የፈረንሳይ ፋሽን ገቡ፤ መሰላሉ ግን እንዳለ ቀረ። ዳግማዊ አብዱልሐሚድ በሚያዝያ 1909 ከዙፋን ሲወርድ የእርሱ ሐረም ተበተነ፤ አዲሱ መንግሥትም ልጆቻቸውን ወይም እኅቶቻቸውን ሸጠው የነበሩ የቸርኬስ ቤተሰቦች መጥተው እንዲወስዷቸው አስጠራ። የተራራ ሰዎች በገጠር ልብሳቸው እንደ ሆኑ ሴቶቹ ተወስደው ወደ ነበሩበት ወደ ቶፕካፒ ገቡ፤ ሴቶቹም ተሰልፈው መሸፈኛቸውን ገለጡ። አባት ሸበተ፣ ልጅ አደገች፤ ብዙዎቹ ለመተዋወቅ ተቸገሩ። ማንም ያልመጣላቸው ደግሞ ፊታቸውን መልሰው ሸፍነው እዚያው ቀሩ።