የምርጫ ቀን በድሬዳዋ ትምህርት ቤቶች፦ ፖሊሱ የት ይቁም?

ድሬዳዋ ላይ ምርጫ መድረሱ የሚታወቀው ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። በሌላው ቀን በዚያ በር የሚጋፋው ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ነው። የምርጫ ቀን ግን ገና ሳይነጋ ሽርጥ ያገለደሙ አባቶች፣ ሽቲ የለበሱ እናቶች፣ ነጠላ የተከናነቡ አሮጊቶች፣ ባጃጃቸውን ጥግ አስይዘው የመጡ ወጣቶች ይሰለፉበታል። በሩ ላይ ደግሞ ፖሊስ አለ። ስለዚህ ፖሊስ ብዙ ሰው አይጽፍም። እኔ ግን ምርጫው ማማሩን ወይም መበላሸቱን መራጩ መጀመሪያ የሚያነበው ከእሱ ፊት ላይ ነው ባይ ነኝ።

ለምን ትምህርት ቤት? መልሱ ቀላል ነው። አጥር አለው፣ በር አለው፣ ክፍሎች አሉት፣ ሰፈርተኛው በሙሉ ያውቀዋል። ሕጉም ቢሆን ምርጫ ጣቢያ እንደልብ የትም እንዲከፈት አይፈቅድም። ፖሊስ ጣቢያ፣ የሃይማኖት ተቋም፣ ሆስፒታል፣ መጠጥ ቤት፣ የፓርቲ ቢሮ አይሆንም። እነዚህ ሁሉ ሲወጡ የሚቀረው ትምህርት ቤት፣ የቀበሌ አዳራሽ፣ የወጣት ማዕከል፣ ካልሆነም ሜዳ ላይ የተተከለ ድንኳን ነው። በ2013 አንድ ጣቢያ እስከ 1500 መራጭ ይመዘግብ ስለነበር ትልቅ ግቢ ያለው ትምህርት ቤት ሁለትና ከዚያ በላይ ጣቢያ ሊይዝ ይችላል። ያ ማለት በአንድ በር በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይገባል ማለት ነው፤ እንግዲህ ጥበቃው ከዚህ ይጀምራል።

የድሮዎቹ ምርጫዎች እሁድ ነበር የሚውሉት። ግንቦት 7 ቀን 1997ም፣ ግንቦት 15 ቀን 2002ም፣ ግንቦት 16 ቀን 2007ም እሁድ ነበሩ። ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ግን በኮቪድ ምክንያት ተራዝሞ፣ ቀኑ ከአንዴም በላይ ተቀይሮ፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ሰኞ ዋለ። ሰኔ ደግሞ የፈተና ሰሞን ነው። ዴስክ ተገፍቶ ግድግዳ ሥር ተደረደረ፣ ሰሌዳው ተጠረገ፣ ጥጉ ላይ በካርቶን የተከለለ የሚስጥር መምረጫ ቆመ። ልጆቹ ቤታቸው ቀሩ።

ጥበቃው የማን ነው? ድሬዳዋ የማንም ክልል አካል አይደለችም። በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የራሷ ቻርተር ያላት፣ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆነች ከተማ ናት። ስለዚህ የዘወትሩ የፀጥታ ሥራ የድሬዳዋ ፖሊስ ነው፤ ፌዴራል ፖሊስም አለ። በሩ ላይ የምናየው በአብዛኛው የከተማው ፖሊስ ነው። እሱ ነው ሰውን የሚያውቀው። የከዚራውን ከመጋላው፣ የሳቢያኑን ከገንደ ቆሬው ለይቶ የሚያነጋግር፣ አማርኛ ላልገባት እናት በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የሚመልስ ፖሊስ በር ላይ ከቆመ ግማሹ ውጥረት ያኔውኑ ይቀላል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ከተማዋ ሥልጣን በብሔር ኮታ ሲከፋፈልባት የኖረች ናት፤ 40 በመቶ ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌሎች የሚለውን፣ 40-40-20 የሚባለውን ቀመር የማያውቅ ድሬ የለም። እንዲህ ባለ ቦታ በር ላይ የቆመው ሰው «የማን ወገን ነው?» የሚል ጥያቄ እንዳይነሳበት ማድረግ ከጠመንጃ በላይ ይሠራል።

አሁን ዋናው ነገር። ፖሊሱ በሩን ይጠብቃል እንጂ ክፍሉን አያስተዳድርም። ክፍሉ የምርጫ አስፈጻሚዎቹ ነው። የመራጭነት ካርድ የሚያዩት፣ ስም ከመዝገብ የሚፈልጉት፣ ጣት ላይ ቀለም የሚቀቡት፣ ወረቀቱን ማህተም አድርገው የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ዳር ላይ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ተቀምጠው ያያሉ። ፖሊስ ወደ ውስጥ የሚገባው የጣቢያው ኃላፊ ሲጠራው ነው፤ ጉዳዩን ጨርሶ ይወጣል። ውጭ ላይ ግን ሥራው ብዙ ነው። ፍተሻ አለ፤ ሴቶችን የምትፈትሽ ሴት ፖሊስ ያስፈልጋል። መሣሪያ ይዞ የመጣን መመለስ አለ። የፓርቲ ምልክት ያለበት ቲሸርት ለብሶ ወረፋው አጠገብ የሚንጎራደደውን ማራቅ አለ። ቅስቀሳ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ባለው የጥሞና ጊዜ ያበቃለታልና።

ይህን ድንበር ማክበር ከባድ አይመስልም። አንድ ጊዜ ግን ሲጣስ አይቻለሁ። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ አልናገርም። ፖሊሱ መሣሪያውን አንግቶ የክፍሉ በር መቃን ላይ ተደግፎ ነበር፤ ፊቱ ወደ ውስጥ። ክፉ ሰው አይመስልም፣ ፀሐይ ሸሽቶ ነው። ከፊቴ የነበሩት እናት ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ካርቶኑ ሲሄዱ ዞር ብለው አዩት። «ልጄ፣ የቱ ጋ ነው የማደርገው?» አሉት። እሱም በጣቱ ጠቆመ። ሳጥኑን ይሁን ካርቶኑን ይሁን ሌላ ነገር ይሁን እኔ አላውቅም፣ እሳቸውም የገባቸው አልመሰለኝም። አስፈጻሚዋ ልጅ ተነስታ «ወንድሜ፣ እባክህ ውጭ ሁንልን» ስትለው ያለ ክርክር ወጣ፤ ግቢው ውስጥ ያለው ኒም ዛፍ ሥር ሄዶ ቆመ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ግን ሴትየዋ ድምፅ የሰጡት ፖሊስ እያያቸው ነው፤ ያንን ማንም አይመልስላቸውም።

ነገሩን አጋነንከው የሚለኝ ሊኖር ይችላል። እኛ ሀገር ግን ምርጫና ዩኒፎርም አብረው ሲነሱ ሰው የሚያስታውሰው ነገር አለ። ከ1997 ምርጫ በኋላ በተነሳው ግጭት 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ቆጥሯል። ያ ትዝታ ያለባት እናት ወረፋ ላይ ቆማ ጠመንጃ ስታይ የምታስበውን መገመት አያቅትም። ፖሊስ ጨርሶ አይኑር ማለቴ አይደለም፤ በሩ ላይ ማንም ባይኖርም ያው ፍርሃት ነው። ጥሩው ፖሊስ ሲፈለግ የሚታይ፣ ሳይፈለግ የማይሰማ ነው። የድሬ ሙቀት ደግሞ የራሱን ሥራ ይሰጠዋል። እርጉዞችን፣ አቅመ ደካሞችንና አካል ጉዳተኞችን ወደ ፊት ማሳለፍ፣ ወረፋውን ወደ ጥላው ማዞር፣ ከክፍል ወንበር አስወጥቶ ሽማግሌ ማስቀመጥ። ይህን ያደረጉም አይቻለሁ፤ ወረፋው ላይ ሰው ሲመርቃቸው ይውላል።

ሐረር ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። በሐረሪ ክልል ድምፅ የተሰጠው በሰኔ ሳይሆን መስከረም 20 ቀን 2014 ነው።  የጥበቃው ጠባይም ሌላ ነው፤ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ወረፋና አላፊ አግዳሚ ይደባለቃሉ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌሊቱን ነው። ድምፅ መስጫው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ በ2013 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሟል። ሲዘጋ ቆጠራው እዚያው ክፍል ውስጥ ይጀመራል። ሳጥኑ በወኪሎችና በታዛቢዎች ፊት ይከፈታል፣ ወረቀቱ አንድ በአንድ ይነበባል። መብራት ከጠፋ በባትሪ ነው። ውጭ ያለው ፖሊስ ከጠዋቱ በላይ የሚያስፈልገው አሁን ነው። ሰፈሩ ጨልሟል፣ የሰሙም ያልሰሙም ወሬ ይዘው በር ላይ ይሰበሰባሉ፣ ውስጥ ያሉት ልጆች ደክመዋል። ቁጥሩ ቅጽ ላይ ተሞልቶ፣ ተፈርሞበት፣ አንዱ ቅጂ ጣቢያው ላይ ይለጠፋል። ቀሪው ከሳጥኑ ጋር ታጅቦ ወደ ምርጫ ክልሉ ይሄዳል።

በማግስቱ በዚያ ትምህርት ቤት ሳልፍ በሩ ላይ የነበረው የዘወትሩ ዘበኛ ብቻ ነበር። ሁለት ልጆች ዴስክ እየጎተቱ ወደ ቦታው ይመልሳሉ። ሦስተኛው የክፍሉ በር ላይ የተለጠፈውን ቅጽ በጣቱ እየተከተለ፣ ቁጥሮቹን ጮክ ብሎ ያነባል።