ስትራቴጂያዊ ለውጥ ምንድን ነው? ወንበር ከመቀያየርስ በምን ይለያል?

ቢፒአር የሚባለው፣ የመሥሪያ ቤቶችን አሠራር ከሥሩ የመቀየር ፕሮግራም የገባ ሰሞን ባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስንገባ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ድልድል ተለጥፏል። ሁሉም ተጋፍቶ ስሙን ይፈልጋል። ስሙን ያጣ ሰው «ተንሳፋፊ» ይባል ነበር። የመዝገብ ቤታችን እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። የሉበትም። ዞር አሉና አለቃችንን፣ «እሺ፣ ከነገ ጀምሮ ባለጉዳይ ሲመጣ ማን ጋ ነው የሚሄደው?» አሉት።

«በሂደት ይገለጻል» አለ።

እዚያ ግቢ ውስጥ በዚያን ቀን የተጠየቀ አንድ ስትራቴጂያዊ ጥያቄ ቢኖር የሳቸው ነው።

ቃሉ ስብሰባ ላይ ስለሚደጋገም ከብዶ ይሰማል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ድርጅት ማንን እንደሚያገለግል፣ በምን እንደሚተዳደር፣ ምኑን ትቶ ምኑን እንደሚይዝ ሲቀይር ስትራቴጂያዊ ለውጥ አደረገ ይባላል። ሥራው ያው ሆኖ አሠራሩ ብቻ ከተስተካከለ ግን ማሻሻያ ነው። ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ባብዛኛው እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ዕቃን በቦታው ማስቀመጥ፣ ብክነትን መቀነስ። እየናቅኩት አይደለም። አንድ ፋይል ፍለጋ ግማሽ ቀን የበላበት ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል። ግን የካይዘን ሰሌዳ ስለሰቀለ ብቻ አቅጣጫ ቀየርኩ የሚል መሥሪያ ቤት ራሱን ይሸውዳል።

ልዩነቱን ለማየት ከስብሰባ አዳራሽ ይልቅ ጣና ይሻላል። የሐይቁ ዓሣ ለዘመናት የሚጠመደው በደንገል ታንኳ ነበር። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ አጥማጁ ከዳር ብዙም አይርቅም፣ የያዘውንም እዚያው አካባቢ ይሸጣል። ደንገሉ በደንብ ቢደርቅ፣ አስተሳሰሩ ቢጠብቅ ማሻሻያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ግን የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። የተቀየረው ጀልባው ብቻ አልነበረም። የሚደረስበት ውሃ ራቀ። ገበያው እስከ አዲስ አበባ ተዘረጋ። ነዳጅ የሚባል ወጪ መጣ። ሞተር የሚያውቅ ሰው ተፈለገ። ጥሩ ቀዛፊ መሆን ብቻውን የማያበላበት ጊዜ መጣ ማለት ነው።

ዋጋም አስከፍሏል። ላቤዮባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች ከጣና ውጭ የትም የማይገኙ ዝርያዎች ያሏቸው ናቸው። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ርብና ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። መረቡ የወንዙ አፍ ላይ ጠበቃቸው። በአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ ውስጥ ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆለቆለ። «ምን እናገኛለን?» ለሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው መልስ ነበረ። «ምን እንጨርሳለን?» የሚለው ግን ዘግይቶ ነው የመጣው። ለኔ ለውጥ የሚመራን ሰው የምለካው በሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ለውጥን ስለመምራት ከተጻፉት ውስጥ ዕድሜ ጠገቡ ሐሳብ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የኩርት ሌዊን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣ ጽሑፉ። ሦስት እርከን አለው፦ ማቅለጥ፣ መለወጥ፣ መልሶ ማርጋት። ብዙ ጊዜ በበረዶ ነው የሚያስረዱት። እኛ ጋ ቅቤ ይሻላል። ቅቤ ስታነጥሩ መጀመሪያ ይቀልጣል፣ ኮሰረቱና ኮረሪማው የሚገባው ከዚያ ወዲያ ነው። የረጋ ቅቤ ላይ ቅመም ብትነሰንሱ ላዩ ላይ ይቀራል። እኛ መሥሪያ ቤት የሆነው ይኸው ነው። ነባሩ አሠራር ለምን እንደማያዋጣ ማንም ሳያስረዳን ድልድሉ ተለጠፈ።

ማቅለጥ ማለት ሠራተኛ ማስደንገጥ አይደለም። ምኑ እንደሚቀር፣ ምኑ እንደማይነካ፣ ውሳኔው መቼ እንደሚታወቅ በግልጽ መንገር ነው። መሪው ሁሉን ላያውቅ ይችላል። «ይህን ገና አላወቅሁም፣ በአሥራ አምስት ቀን እነግራችኋለሁ» ማለትም መልስ ነው። «በሂደት ይገለጻል» ግን ወሬ ከመፈልፈል በቀር የሚሠራው ሥራ የለም። የዚያን ቀን ሻይ ሰዓት ሲደርስ ግማሹ ሰው ሲቪውን እያስተካከለ ነበር።

ወደ ግለሰብ ስናመጣውም ያው ነው። ጣና ላይ ወዳሉት ገዳማት፣ ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል እንግዳ የሚያመላልስ አስጎብኚ ወዳጅ አለኝ። መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ። ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልሉ ግጭት። ፈረንጁ ጠፋ። መጀመሪያ ያደረገው ዋጋ መቀነስ ነበር። የሌለ ሰው ደግሞ ዋጋ አይጠይቅም። ቆይቶ ጥያቄውን ቀየረው፤ «እኔ የምሸጠው እንግሊዝኛ ነው ወይስ ውሃ ላይ ሰው ማጫወት?» አሁን ሲመቸው ሙሽራና ሚዜ ለፎቶ ይዞ ይወጣል። ቀልዶቹን ሁሉ ከዜሮ መጀመር ነበረበት። ፈረንጅን ያሳቀ ቀልድ የባሕር ዳርን ሚዜ አያስቅማ። ገቢው እንደድሮው ነው ብሎ አይዋሽም። «ከመቀመጥ ይሻላል» ነው የሚለው።

እትዬስ? ሳምንት ሳይሞላ መግቢያው ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። የመደባቸው የለም። ግራ የገባው ባለጉዳይ ብቅ ሲል፣ «አቤቱታ ከሆነ ቁጥር 7፣ ልጄ። ክፍያ ከሆነ ፎቅ ነው፤ ግን ኮፒ ሳትይዝ እንዳትወጣ» ይሉታል። ሰው በሳቸው በኩል ማለፍ ለመደ። ከወራት በኋላ ድልድሉ ሲስተካከል «የመረጃ ዴስክ» የሚል መደብ ተፈጠረና ስማቸው ገባ። ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ሁላችንም እንደልማዳችን ተጋፋን። እሳቸው ግን አልመጡም፤ ባለጉዳይ ይዟቸው ነበር።