ወለምታ ምንድን ነው? የታዳጊ ጉልበት ሲያብጥስ?

ወለምታ የጅማት ጉዳት ነው፤ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት ከልኩ በላይ ሲሳብ፣ ሲላላ ወይም ሲበጠስ። ቃሉ ምንም አላጠፋም። የሚያናድደው ያበጠ ጉልበት ሁሉ በዚሁ ስም መጠራቱ ነው። «ልጅ ነው፣ አጥንቱ ለጋ ስለሆነ አይሰበርም፤ ወለም ብሎት ነው፣ ይታሽ» የሚል አይጠፋም። ገልብጦታል። የሚሰበረው ለጋ ስለሆነ ነው።

ቁመቱን ባልጨረሰ ልጅ የጭን አጥንት ታችኛው ጫፍና የቅልጥም ላይኛው ጫፍ ላይ የእድገት ሳህን አለ፤ አጥንት የሚረዝምበት ልም አጥንት። ብዙ ጊዜ ከጅማቱ ቀድሞ የሚሸነፈው እሱ ነው። ጉልበቱ በር ቢሆን ጅማቱ ማጠፊያው፣ አጥንቱ ግድግዳው ነው። በሩ ሲገነጠል፣ በቆየ ቤት ማጠፊያው ይሰበራል፤ ሲሚንቶው ባልደረቀ ቤት ግን ማጠፊያው ግድግዳውን ቦጭቆ ይወጣል። ስንጥቁ ካልተከፈተ ደግሞ ግድግዳውን ፎቶ ብታነሡት አይታይም፤ ራጅም እንደዚያው። ስለዚህ «ራጁ ንጹሕ ነው» ማለት ሳህኑ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሲጫኑት የሚያመው በሳህኑ መስመር አጥንቱ ላይ ከሆነ፣ እንደ ስብራት ታስሮ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ዳግም ይታያል፤ ወይም ኤምአርአይ ይነሣል። ማሸት ያንኑ በር እየከፈቱ መዝጋት ነው።

መቼ እንዳበጠ ጠይቁ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካበጠ ውስጡ ደም ሊኖር ይችላል፦ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሷል፣ ወይም የተተከለበትን አጥንት ነቅሏል፣ ወይም የጉልበቱ ሎሚ ወጥቶ ተመልሷል። በማግሥቱ ካበጠ የሜኒስከስ (በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል እንደ ትራስ ያለው ልም አጥንት) ጉዳት ይጠረጠራል። 4 እርምጃ መራመድ ወይም ጉልበቱን 90 ዲግሪ ማጠፍ ካልቻለ ራጅ ይነሣ። ከዝላይ ሲያርፍ ተጎድቶ፣ እግሩን ቀጥ አድርጎ ማንሣት ካቃተው ከሎሚው በታች ያለው ጉብታ ተነቅሎ ይሆናል። የቅልጥሙ ሳህን ከተንሸራተተ ከጉልበት ኋላ ያለውን የደም ሥር ሊጎዳ ስለሚችል እግሩ ላይ የደም ሥር ትርታ ሳይዳሰስ ምርመራው አላለቀም።

ያልተንሸራተተ ስብራት በጀሶ ይያዛል። የተንሸራተተው በሰመመን ተመልሶ ይታሰራል፤ ሳህኑን የሚያቋርጥ ሽቦ ካስፈለገ ለስላሳ ይሁን፣ ጥርስ ያለው ብሎን እድገቱን ይገታል። ከጭን አጥንት እድገት 70 በመቶ ገደማ ከታችኛው ሳህን ስለሚመጣ፣ ስብራቱ ከዳነም በኋላ እግሩ እንዳያጥር ወይም እንዳይጣመም እድገት እስኪቆም ክትትል አለ።

አንድ ሌላ ነገር፦ ሳይወድቅ «ጉልበቴን» የሚል ታዳጊ ዳሌው ይመርመር። የጭን አጥንት ራስ ከአንገቱ ሲንሸራተት ሕመሙ ጉልበት ላይ ይሰማል፤ የጉልበት ራጅ ብቻ ያነሣ ያልፈዋል።