«ኢተሬት ማድረግ» ምንድን ነው?

ስብሰባ ላይ የእንግሊዝኛውን iterate ይዞ «ሐሳቤን ኢተሬት ላድርግ» ብሎ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ የሚያሰማንን ተናጋሪ እስከ ዛሬ ታግሼ አልፌዋለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ ተቺ «ኢተሬት ራሱ መድገም ስለሆነ ሪኢተሬት (reiterate) ማለት ስሕተት ነው» ሲል፣ ቃሉንም «ጉዞ» ከሚለው የላቲን ኢተር ሲያስመጣው ባይ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ግሱ የመጣው «ዳግመኛ» ከሚለው ኢተሩም ነው፤ ከኢተር ጋር በመልክ እንጂ በዘር አይገናኝም። ከኢተሩም የወጣው ኢተራሬ በሮማ ገበሬ አፍ ማሳን ሁለተኛ ጊዜ ማረስ ነበር። በ1ኛው መቶ ዘመን ስለ እርሻ የጻፈው ኮሉሜላ በዚሁ ፍች ሲጠቀምበት፣ ለሦስተኛው እርሻ ደግሞ ተርቲያሬ የሚል ግስ አለው። የእኛም ገበሬ ይደግማል፣ ይሰልሳል።

የሚደግም ገበሬ ታዲያ የመጀመሪያውን ትልም ተከትሎ አይነዳም። ማረሻው በትልምና በትልም መካከል ያልተነካ አፈር ስለሚተው፣ ሁለተኛውን አግድም ያርሰዋል፤ በሬዎቹ የሚረግጡትም የትናንቱን ድፍን መሬት ሳይሆን የተፈነቀለ ጓል ነው። በእኔ ሙያ፣ በቁጥር ስሌት፣ ኢተሬት ማድረግ ይኸው ነው። የ2ን ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ 2 የሚሰጠውን ቁጥር፣ ለማግኘት ከ1 እንነሣ፤ 2ን በያዝነው ቁጥር አካፍለን፣ የውጤቱንና የቁጥሩን አማካይ ስንወስድ 1.5 ይሆናል። በ1.5 ላይ ያንኑ ብናደርግ 1.4167፣ በእርሱም ላይ ብናደርግ 1.4142 እናገኛለን። ትእዛዙ አንድ ነው፤ የሚታረሰው ግን በየዙሩ ሌላ ነው።

ድግግሞሽ ሁሉ ወደ መልስ ያደርሳል ማለት ግን አይደለም። አማካዩን ትተን ማካፈሉን ብቻ ብንደጋግመው 1፣ 2፣ 1፣ 2 እያልን መኖራችን ነው፤ ይህ የስብሰባውን ተናጋሪ ሳያስታውሰኝ አይቀርም።

ሪኢተሬትም ቢሆን ከነ«ሪ»ው ከላቲን የተወረሰ፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከ500 ዓመት በላይ የኖረ ቃል ነው፤ ፍችውም የተባለውን ለማጽናት መልሶ መናገር ነው። መዛግብተ ቃላት ኢተሬትንም «ደግሞ መናገር» ብለው እንደሚፈቱት አልክድም። ሆኖም ያሉትን መልሶ ለማለት ተቺው የነቀፈው ሪኢተሬት ይበልጥ ይስማማል፤ «ኢተሬት ላድርግ» የሚለኝን ሰው ግን ሐሳቡን በየዙሩ አርሞ እንዲያመጣው እጠብቀዋለሁ።