አምፔር ምንድን ነው? በተጎታች ቤት ውስጥ ማሞቂያ ለሚሰኩ

ባለፈው ጥቅምት በቨርጂኒያ ተራሮች ላይ በተጎታች ቤት ስናድር፣ ሌሊት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ብርድ ሳይሆን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነበር። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው እንደ ወትሮው እየሠራ ነው። ፍሰት ሲበዛ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ብሬከርም አልቆረጠም። ስፒናውን ልነቅል ስይዘው ግን እጄን ለበለበኝ፤ የሶኬቱ ፊት ቡናማ ሆኖ ነበር። ልጆቼ ከዚያ ሶኬት አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ተኝተው ነበር። ከዚያ ሌሊት ወዲህ አምፔር የሚለውን ቃል በሚገባ ሳይረዱ በተጎታች ቤት ውስጥ ማሞቂያ መሰካት አይገባም የሚል አቋም አለኝ።

አምፔር በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ ነው። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ከአንድሬ ማሪ አምፔር ነው። ቮልት ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ኃይል ሲሆን፣ ዋት ደግሞ ሁለቱ ተባዝተው የሚሰጡት ጉልበት ነው። ስለዚህ የአንድን ዕቃ ዋት ለቮልቱ ብናካፍለው በሽቦው የሚያልፈውን አምፔር እናገኛለን።

ከኢትዮጵያ ለመጣን ሰዎች ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አገር ቤት የሚመጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን የተለመደው ሶኬት 120 ቮልት ነው። ባለ 1500 ዋት ማሞቂያ አዲስ አበባ ላይ ቢሰካ 7 አምፔር እንኳ አይሞላም። ያው 1500 ዋት አሜሪካ ውስጥ 12.5 አምፔር ይስባል። ሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከአምፔሩ ጋር እኩል እየጨመረ አይሄድም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት አንድ ዓይነት ሽቦና አንድ ዓይነት ጉልበት ይዘን እንኳ፣ እዚህ ያለው ሽቦ አገር ቤት ካለው ከሦስት እጥፍ በላይ ይሞቃል። በልጅነታችን ያየነው ቀጭን ገመድና ምንም ሳይሆን ዓመታት የቆየው ዲቫይደር እዚህ ምስክር ሊሆነን አይችልም።

ታዲያ ብሬከሩ ለምን ዝም አለ? ብሬከር የሚቆጥረው አምፔርን ብቻ ስለሆነ ነው። ባለ 15 አምፔር ብሬከር 12.5 አምፔር ሲያልፍበት የሚያስደነግጠው ነገር የለም። የላላ መጋጠሚያ ግን የፍሰቱን መጠን ሳይጨምር በራሱ ይግላል። በመጋጠሚያው ላይ ፍሰቱን የሚያግድ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖር (ኦም የዚህ ተቃውሞ መለኪያ ነው)፣ 12.5 አምፔር ሲያልፍበት ከ15 ዋት በላይ ሙቀት ይፈጠራል። ያ ሁሉ ሙቀት የባቄላ ፍሬ በምታህል ቦታ፣ ከቀጭን የእንጨት ግድግዳ ጀርባ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠራቀም አስቡት።

ተጎታች ቤት ለዚህ አደጋ ከመደበኛ ቤት ይልቅ የተጋለጠ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ያሉት ሶኬቶች ሽቦው በብሎን ጠብቆ የታሰረባቸው አይደሉም፤ ሽቦው በብረት ጥርሶች መካከል ተጨምቆ የሚገባባቸው ናቸው። በዚያ ላይ ቤቱ በጎማ ላይ ተቀምጦ በየመንገዱ ሲንገጫገጭ መጋጠሚያው እየላላ ይሄዳል። ስልክ ለመሙላት ወይም መብራት ለማብራት ይህ ችግር የለውም። ማሞቂያ ግን ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ከፍተኛ ፍሰት ይስባል። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ጭነት ከብሬከሩ መጠን 80 በመቶ እንዳያልፍ የሚታሰበውም በዚህ ምክንያት ነው። ለባለ 15 አምፔር መስመር ይህ 12 አምፔር ማለት ነው፤ ማሞቂያው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከዚህ ያልፋል።

እኔ አሁን የማደርገው ቀላል ነው። ማሞቂያውን በዝቅተኛው ደረጃ፣ በ750 ዋት ላይ አደርገዋለሁ። ፍሰቱ ወደ 6 አምፔር ገደማ ይወርዳል፤ በመጋጠሚያው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ወደ ሩብ ይቀንሳል። ከሰካሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስፒናውን በእጄ እነካለሁ። ለብ ቢል ብዙም አልጨነቅም፤ ይዤ ለመቆየት ካቃተኝ ግን ወዲያው እነቅላለሁ፣ ሶኬቱም በባለሙያ እስኪቀየር አይነካም። በማስረዘሚያ ገመድና በዲቫይደር ማሞቂያ መሰካት ፈጽሞ የለም።

የቤቱን ጠቅላላ አቅምም ማወቅ ያስፈልጋል። ባለ 30 አምፔር ተጎታች ቤት በአንድ ጊዜ የሚችለው 3600 ዋት ነው። ማሞቂያው 1500፣ የውሃ ማሞቂያው ወደ 1400 ሲወስዱ የሚቀረው 700 ዋት ብቻ ነው። በዚህ ላይ ማይክሮዌቭ ወይም እንጀራ የምንጋግርበትን የኤሌክትሪክ ምጣድ ብንጨምር ብሬከሩ ይቆርጣል። ይህኛው መቆረጥ ጥሩ ነው፤ ሥራውን መሥራቱ ነው። መጋገር ሲያስፈልግ ማሞቂያውን ማጥፋት ነው። ተጎታቹን በግቢያችሁ አቁማችሁ ሶኬት የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው 120 ቮልት መሆኑን ደግማችሁ ንገሩት። ባለ 30 አምፔሩ መሰኪያ ከልብስ ማድረቂያ ሶኬት ጋር ስለሚመሳሰል በስህተት 240 ቮልት ተገጥሞ በቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ የተቃጠለበት ሰው አለ።

ስለ ማሞቂያው ዓይነት ብዙ ይወራል። ዘይት የተሞላውም፣ ሴራሚኩም፣ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውም በእኩል ዋት የሚሰጡት ሙቀት እኩል ነው። ዘይት የተሞላውን የምመርጠው የሚግል ሽቦው ውጭ ስለማይታይና የላዩ ሙቀት ዝቅ ስለሚል ነው። ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋ መሆን አለበት። ከመጋረጃና ከብርድ ልብስ አንድ ሜትር ያህል መራቅ ይገባዋል፤ ስፋቱ ከሁለት ሜትር ተኩል በማይበልጥ ቤት ውስጥ ይህ ቀላል አይደለም። ቢሆንም በአልጋና በበሩ መካከል አታስቀምጡት፤ እሳት ቢነሳ መውጫውን የሚዘጋው እሱ ይሆናል።

ማሞቂያው በቂ አይደለም ብላችሁ የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ እንዳታስገቡ እለምናችኋለሁ። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያደርግ በአገራችን ያላወቀ ቤተሰብ የለም፤ የተጎታች ቤት አየር ደግሞ ከአንዲት ትንሽ ክፍል አይበልጥም። ቡና የምታፈሉ ከሆነ ከሰሉና ዕጣኑ ውጭ ይሁን። በዕጣኑ ምክንያት የጮኸን የጭስ ማስጠንቀቂያ ባትሪውን አውጥቶ የተኛ ሰው አውቃለሁ።

አንድ የቀረ ነገር፦ በብዙ ተጎታች ቤቶች ከወለሉ ሥር ያሉት የውሃ ቱቦዎች የሚሞቁት በጋዝ ማሞቂያው ሞቃት አየር ነው። የኤሌክትሪኩ ማሞቂያ ክፍሉን ስላሞቀው የጋዙ ሳይነሳ ያድራል፤ ከወለሉ በላይ ያለን ሰዎች ሞቆን ስንተኛ ሥር ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል። ከዜሮ ዲግሪ በታች በሚወርድበት ሌሊት የጋዙን ማሞቂያ አብሩት፣ የኤሌክትሪኩን ዝቅ አድርጉት።