ስለ መገለል ጅማ ላይ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አድልዎና መገለል» የሚለውን አባባል አብዛኞቻችን የለመድነው ከኤችአይቪ ትምህርት ነው። በራዲዮ ሰማነው፣ በትምህርት ቤት ክበብ ተማርነው። ስለዚህ ብዙ ሰው መገለል ከኤችአይቪ ጋር መጥቶ ከኤችአይቪ ጋር ያለፈ ነገር ይመስለዋል። አላለፈም። ከሂርማታ እስከ ጂረን ቡና በተፈላበት ቤት ዛሬም ይወራል። ከሚወራው ጥቂቱን እንየው።

«እኛ ማንንም አናገልም፤ መቼ አባረርነው?»

ማግለል ማባረር ብቻ አይደለም። ሰውን በአንድ ነገር ምልክት አድርጎ ከሌላው መለየት ራሱ ማግለል ነው። አንዳንድ ቤት ሲኒዎቹ ረከቦት ላይ ተደርድረው አንዷ ለታመመው ሰው ተለይታ ለብቻዋ መስኮት ላይ ትቀመጣለች። ጠርዟ የተሸረፈ ነው። ቡናው የሚቀዳው ከዚያው ጀበና ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ይሰጠዋል። ሲኒዋ ግን ከሌሎቹ ጋር አትታጠብም። ክፉ ቃል የተናገረ የለም። ግን እሱም ገብቶታል፣ ጎረቤቱም ገብቶታል። በሲኒ ደግሞ ኤችአይቪም ሆነ የሚጥል በሽታ አይተላለፍም። ያቺ ሲኒ ማንንም ከምንም አላዳነችም።

«እግሩ ያበጠው ዘሩ ተረግሞ ነው፤ ልጅ አይሰጠውም»

ይሄኛው ብዙ ትዳር አፍርሷል፣ ገና ያልተጀመረውንም ጭምር። ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት ከአንድ በላይ መነሻ አለው። በደጋና በወይና ደጋ አገራችን በብዛት የሚታየው ግን ከአፈር የሚመጣው ነው፤ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች፣ ዝናብ የማያጣት፣ አፈሯ ቀይ የሆነ አገር ናት። በሽታውም የሚገኘው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ሰው ለዓመታት ባዶ እግሩን ሲያርስ፣ ሲያርምና ሲሄድ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ደቃቅ ቅንጣት በቆዳው ይገባል። ከዚያ የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቀጭን ቱቦዎች ያስቆጣል፤ ቱቦዎቹ ይደፈናሉ፣ እግር ያብጣል።

ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት የለም፣ አብሮ በመተኛት የለም። «ታዲያ ለምን አንድ ቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለ። ነገር ግን እግሩ አፈሩን ካልነካ ተጋላጩም ሰው አይታመምም። ልጆቹ ከትንሽነታቸው ጫማ ካደረጉ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ለታመመውም ሰው ቢሆን መላ አለው፦ በየቀኑ በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ገና ሲጀምር የተደረሰበት እብጠት ሊመለስ ይችላል። ጫማ የሚፈታውን ነገር እርግማን ብለን የሰው ልጅ ሳይዳር እንዲቀር ማድረጋችን ያሳዝነኛል።

«ሲጥለው አትንኩት፤ አረፋው ይይዛችኋል»

የሚጥል በሽታ ከአንጎል የኤሌክትሪክ ሥራ መዛባት የሚመጣ ነው። በምራቅም፣ በአረፋም፣ በትንፋሽም አይተላለፍም። ይህ ስህተት አካል ያጎድላል፦ ምድጃ አጠገብ የወደቀ ሰው «አትንኩት» ሲባል ይቃጠላል። ወዲያው ከእሳቱ አርቁት። ጭንቅላቱ ስር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትክተቱ። ክብሪት ጭሮ ማስሸተትም ምንም አይረዳውም። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ባጃጅ ጠርታችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። መድኃኒቱን በአግባቡ ከሚወስዱ 10 ሰዎች እስከ 7ቱ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ጠበልም ሆነ ዱዓ ከመድኃኒት ጋር አይጣላም፤ ጉዳት የሚያመጣው ክኒኑን ማቋረጥ ነው።

«መለያው እኮ ነው፤ ስድብ አይደለም»

«እብዷ»፣ «ቆማጣው»፣ «ያ የሚጥለው ልጅ»። እነዚህ ስም አይደሉም። አማርኛችን ላይ ደግሞ ምልክቱ ከዚህም በረቀቀ መንገድ ይገባል። ትናንት «ጋሼ መጡ» ስንላቸው የነበሩ ሰው አእምሯቸው ሲታወክ ወይም እግራቸው ሲያብጥ «መጣ» ይሆናሉ። አንቱታው የሄደው መቼ ነው? ዕድሜያቸው አልቀነሰም። ያሳደጓቸው ልጆች አሉ። ሰውየው የሚጥል በሽታ አለበት ማለትና «የሚጥለው» ብሎ መጥራት አንድ አይደለም፤ በሁለተኛው ስሙ ጠፍቶ በሽታው ብቻ ቀርቷል።

«ትንሽ ማፈር ጥሩ ነው፤ ሰው ይጠነቀቃል»

የሚያፍር ሰው አይጠነቀቅም፣ ይደበቃል። የኤችአይቪ መድኃኒት አገራችን ውስጥ በነጻ መሰጠት የጀመረው ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ጎረቤት እንዳያየው ብሎ ቀጠሮውን የሚያሳልፈው ሰው ግን እዚህ ደረጃ አይደርስም።

ሥጋ ደዌም እንዲሁ ነው። በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ሐንሰን የተባለ ኖርዌያዊ ሐኪም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል፤ ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። ጣት የሚያጎድለው ነርቭ ተጎድቶ፣ ሕመም የማይሰማው እጅ ሲቃጠልና ሲቆስል ነው። ያ ጉዳት የሚደርሰው ደግሞ ሰው ተደብቆ በሚቆይባቸው ዓመታት ነው። ቆዳችሁ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ ካያችሁ ለጎረቤት ከማማከር በፊት ጤና ጣቢያ ሂዱ። መድኃኒቱ አይከፈልበትም።